የጓሮአችን ጉንዳኖች፦ እንዴት እንለያቸው? እንዴትስ እንንከባከባቸው?

በዚህ እትም የሳይንስ አምዳችን ይዞላችሁ የቀረበው ሁላችንም በየቀኑ ሳናየው እየረገጥነው ስለምናልፈው ፍጥረት ነው። እሱም ጉንዳን ነው።

ለምን አሁን? ምክንያቱም ዝናብ እየመጣ ነው። የመጀመሪያዎቹ ዝናቦች ጥለው ፀሐይ ብልጭ ሲል ክንፍ ያላቸው ጉንዳኖች ከመሬት ይወጣሉ። ያኔ ብዙ ልጆች በሃይላንድ ጠርሙስ ሰብስበው ክዳኑን ጥብቅ አድርገው ዘግተው ፀሐይ ላይ ያስቀምጧቸዋል። ከሰዓት ሲያዩአቸው ሁሉም ሞተዋል። ሌሎች ደግሞ ከክፍላችን ግድግዳ ሥር ያለውን ጉድጓድ ሲያዩ «ጋዝ እናፍስበት» ይላሉ። ሁለቱም የሚመጡት ካለማወቅ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያ እንወቃቸው፣ ቀጥሎ ማቆየት የሚፈልግ ሰው እንዴት በኃላፊነት እንደሚያቆይ እንማር።

፩. ጉንዳን ምንድን ነው?

በሳይንስ ትምህርታችን እንደተማርነው ጉንዳን ሦስት አጽቄ ነው። ሰውነቱ ራስ፣ ደረትና ሆድ ተብሎ በሦስት ይከፈላል። ስድስት እግሮችና ሁለት አንቴናዎች አሉት። ሳይንቲስቶች እስካሁን ስም ያወጡላቸው የጉንዳን ዝርያዎች ከ14,000 በላይ ናቸው። በአማርኛችን ትንንሾቹን ቁጫጭ፣ ትልልቆቹን ጉንዳን፣ በሰልፍ የሚጓዙትን ተናካሾች ደግሞ ገብረ ጉንዳን እንላቸዋለን። ሁሉም ግን አንድ ቤተሰብ ናቸው።

ጉንዳን በሃይማኖት መጻሕፍትም የታወቀ ነው። መጽሐፈ ምሳሌ ለሰነፍ ሰው አስተማሪ አድርጎ ያነሣዋል። በቁርአን ውስጥ ደግሞ በጉንዳን ስም የተጠራ ምዕራፍ አለ፤ ሱረቱ አን-ነምል ይባላል። የቀድሞ ሰዎች ጉንዳንን በደንብ ያዩት ነበር ማለት ነው።

፪. ጉንዳን ወይስ ምስጥ?

ብዙዎቻችን እነዚህን ሁለቱን እናምታታለን። በተለይ ዝናብ ሲጥል ሁለቱም ክንፍ አውጥተው ስለሚበሩ መለየቱ ያስቸግራል። ሦስት ምልክቶችን ያዙ።

ሀ/ ወገብ፦ ጉንዳን ወገቧ በጣም ቀጭን ነው፤ በክር የታሰረች ትመስላለች። ምስጥ ወገብ የለውም፤ ደረቱና ሆዱ እኩል ወፍራም ነው።

ለ/ አንቴና፦ የጉንዳን አንቴና እንደ ክርናችን መሐል ላይ ይታጠፋል። የምስጥ አንቴና ቀጥ ያለ ሆኖ ዶቃ የተሰካበት ክር ይመስላል።

ሐ/ ክንፍ፦ ክንፍ ያላት ጉንዳን የፊት ክንፎቿ ከኋላዎቹ ይረዝማሉ። የምስጥ አራቱም ክንፎች እኩል ናቸው።

ደግሞ አንድ የሚገርም ነገር ልንገራችሁ። ምስጥ ከጉንዳን ይልቅ የሚዛመደው ከበረሮ ጋር ነው! ጉንዳን ደግሞ የንብና የተርብ ዘመድ ናት።

፫. የአንድ ጎጆ አባላት

በአንድ የጉንዳን ጎጆ ውስጥ የሚኖሩት እነማን ናቸው?

ንግሥት፦ ሥራዋ እንቁላል መጣል ነው። «ንግሥት» ስለተባለች ታዛለች ማለት ግን አይደለም። ጉንዳኖች አለቃ የላቸውም፤ በሽታና በመነካካት ይግባባሉ።

ሠራተኞች፦ ስናያቸው የምንውለው እነሱን ነው። ሁሉም ሴቶች ናቸው፤ ሁሉም ክንፍ የላቸውም። ምግብ ይፈልጋሉ፣ ይቆፍራሉ፣ ልጆቹን ይመግባሉ። በአንዳንድ ዝርያዎች ራሳቸው ትልልቅ የሆኑ ሠራተኞች አሉ፤ ወታደር እንላቸዋለን።

ወንዶች፦ ክንፍ አላቸው፣ ራሳቸው ትንሽ ነው። ከጎጆ ወጥተው ከንግሥቶች ጋር ከተገናኙ በኋላ ወዲያው ይሞታሉ።

ልጆቹ በአራት ደረጃ ያድጋሉ፤ እንቁላል፣ እጭ፣ ፑፓ፣ ከዚያ ሙሉ ጉንዳን። እጯ እግር የላትም፤ እንደ ነጭ የሩዝ ፍሬ ናት። ድንጋይ ስናነሣ ጉንዳኖች ተሸክመው የሚሮጡት «እንቁላል» አብዛኛውን ጊዜ እጭና ፑፓ ነው። እውነተኛው እንቁላል በዓይን ለማየት የሚያስቸግር ጥቃቅን ነው።

፬. በጓሮአችን ያሉትን መለየት

ጉንዳን ለመለየት የሚያስፈልጉን ነገሮች ቀላል ናቸው። አጉሊ መነጽር (ከቤተ ሙከራ መምህራችንን ጠይቀን)፣ ደብተር፣ እርሳስና ለስላሳ የቀለም ብሩሽ ናቸው። በባዶ እጅ አንነካም። አንዳንድ ጉንዳኖች ይናከሳሉ፤ አንዳንዶች ደግሞ እንደ ንብ ይናደፋሉ። በሞቃታማው የአፍሪካ ክፍልና በዓረብ አገሮች የምትገኝ «ሳምሱም» የምትባል ጉንዳን አለች፤ መርዟ የማይስማማቸውን ሰዎች ለከባድ ሕመም ትዳርጋለች። ንብ ስትነድፈው ሰውነቱ የሚያብጥበት ወይም ትንፋሽ የሚያጥረው ልጅ ካለ ጉንዳን ጋ አይጠጋ። ደብተር ይዞ ይመዝግብልን፤ እሱም ትልቅ ሥራ ነው።

አንዲት ጉንዳን ስናገኝ አምስት ጥያቄዎችን በየተራ እንጠይቅ።

1ኛ. ወገቧ ላይ ያለው ጉብታ አንድ ነው ወይስ ሁለት? ይህ ከሁሉም የሚበልጠው ምልክት ነው። በአጉሊ መነጽር ከጎኗ ስናያት በደረቷና በሆዷ መካከል እንደ ቋጠሮ ያለ ነገር እናያለን።
2ኛ. አብረዋት ያሉት ሁሉ እኩል ናቸው ወይስ ትልቅና ትንሽ አለ?
3ኛ. ሆዷ ምን ቅርጽ አለው? ስትቆጣ ወደ ላይ ታነሣዋለች?
4ኛ. የት ትኖራለች? ድንጋይ ሥር፣ ዛፍ ላይ፣ ሜዳ ላይ ወይስ ግድግዳ ውስጥ?
5ኛ. ምን ትሸከማለች? ዘር፣ የሞተ ነፍሳት ወይስ ምንም?

አሁን በመልሶቻችን መሠረት ወገኗን እንፈልግ። የሳይንስ ስማቸውን የጻፍነው በዓለም ሁሉ የሚጠሩበት ስለሆነ ነው። ስሙ ቢከብዳችሁ ክበባችን ያወጣላቸውን ቅጽል ስም ተጠቀሙ።

ካምፖኖተስ (ክበባችን «ጎልማሳ» ይላታል)፦ አንድ ጉብታ። ትልቅ ናት። በአንድ ጎጆ ውስጥ ትልቅም፣ መካከለኛም፣ ትንሽም ሠራተኛ አለ። ከጎን ስትታይ ጀርባዋ እንደ ቀስት ጎበጥ ያለ ነው። መናደፊያ የላትም፤ ግን ትነክስና ፎርሚክ አሲድ ትረጫለች። አፈር ውስጥ ወይም በበሰበሰ እንጨት ውስጥ ትኖራለች። በነገራችን ላይ ፎርሚክ አሲድ ስሙን ያገኘው ከጉንዳን ነው። እንግሊዛዊው ጆን ሬይ በ1671 እ.ኤ.አ. ጉንዳኖችን አንጥሮ ነው ያገኘው።

ፌይዶሌ («ራሰ ትልቅ»)፦ ሁለት ጉብታ። ሁለት ዓይነት ሠራተኛ አላት፤ ትንንሾቹና ራሳቸው ከሰውነታቸው የማይመጣጠን ትልልቅ ወታደሮች። ቁራሽ ዳቦ ጣል አድርጋችሁ ብትጠብቁ መጀመሪያ ትንንሾቹ ይመጣሉ፤ ትንሽ ቆይተው ራሰ ትልቆቹ ለመቁረጥ ይደርሳሉ።

ቴትራሞሪየም («ዝግተኛ»)፦ ሁለት ጉብታ። ሁሉም እኩል ናቸው። ቡናማ ወይም ጠቆር ያሉ፣ ቀስ ብለው የሚሄዱ ናቸው። በድንጋይ ንጣፍ ስንጥቅ ውስጥ ፈልጓት።

ክሬማቶጋስተር («ጭራ ቀና»)፦ ሁለት ጉብታ። ሆዷ ከላይ ሲታይ እንደ ልብ ቅርጽ ነው፤ ስትቆጣ ራሷ ላይ እስኪደርስ ታነሣዋለች። ብዙ ጊዜ ዛፍ ላይ ትኖራለች። በአንዳንድ የግራር ዛፎች እሾህ ውስጥ ቤት ሠርታ ዛፉን የምትጠብቀው ይቺ ናት።

ሌፒሲዮታ («ሯጭ»)፦ አንድ ጉብታ፤ ጉብታው ላይ ሁለት ትንንሽ ሹል ነገሮች አሉ። ትንሽ፣ ጥቁርና አንጸባራቂ ናት፤ ትሮጣለች። ስለዚህች ጉንዳን ኢትዮጵያ ውስጥ የተሠራ ጥናት አለ። በሰሜን ኢትዮጵያ በቤተ ክርስቲያን ደኖችና በዙሪያቸው የሠሩ ተመራማሪዎች በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጽሑፍ፣ ከሌፒሲዮታ ወገን የአንዷ ዝርያ ጎጆዎች እርስ በርስ ሳይጣሉ እንደ አንድ አገር ሆነው እንደሚኖሩ ገልጸዋል። ከእነዚህ ሰፋፊ ኅብረቶች ትልቁ 38 ኪሎ ሜትር ተዘርግቶ ነበር!

ሜሶር («እህል ሰብሳቢ»)፦ ሁለት ጉብታ። ራሷ ትልቅና ጠንካራ ነው። የሣር ዘር እየለቀመች ጎተራዋ ታስገባለች። በጉድጓዷ አፍ ዙሪያ ገለባ ተከምሮ ካያችሁ የእሷ ቤት መሆኑን ጠርጥሩ።

ዶሪለስ፦ ይህ ገብረ ጉንዳን ነው። ሠራተኞቹ ዓይን የላቸውም። በሺህ እየሆኑ በሰልፍ ይጓዛሉ፤ ትልልቆቹ መንጋጋቸው ቆዳ ይቀዳል። ቤታቸው ሲገቡ ወላጆቻችን አመድ የሚነሰንሱባቸው እነዚህ ናቸው። ዶሮ በቆጥ ላይ እንዳለች ሊጨርሱ ይችላሉ። ሰልፋቸውን ካያችሁ ራቅ ብላችሁ ተመልከቱ፤ መንገዳቸውን አትዝጉ፣ ትንንሽ ልጆችንና ጫጩቶችን አርቁ። ገብረ ጉንዳንን ቤት ማቆየት ፈጽሞ አይቻልም።

አንዳንዴ ከእነዚህ ከአንዳቸውም ጋር የማትመሳሰል ጉንዳን ታገኛላችሁ። አይክፋችሁ። «ያልታወቀች፣ ሁለት ጉብታ፣ ቀይ፣ ግንድ ሥር» ብላችሁ ሥዕሏን ሣሉና ቀኑን ጻፉ። ተመራማሪዎችም የሚጀምሩት እንዲሁ ነው።

፭. ሳንይዛቸው የምናጠናበት ሁለት ሙከራ

ጉንዳን ለማወቅ የግድ መያዝ አያስፈልግም። ጀማሪ የሆነ ሰው በመጀመሪያ እነዚህን ሁለት ሙከራዎች ቢሠራ ይመረጣል።

ሙከራ 1፦ የምግብ ምርጫ። አራት ትንንሽ ወረቀቶች ጉድጓዱ አጠገብ በእኩል ርቀት አስቀምጡ። በአንዱ ስኳር፣ በሌላው ዘይት የነካው የዳቦ ፍርፋሪ፣ በሦስተኛው የተቀቀለ እንቁላል ፍርፋሪ፣ በአራተኛው ጨው አድርጉ። በየ10 ደቂቃው በእያንዳንዱ ላይ ያሉትን ጉንዳኖች ቆጥራችሁ ሠንጠረዥ ላይ መዝግቡ። ሙከራውን በዝናብ ቀንና በፀሐይ ቀን ደጋግሙት። ውጤቱ ይለያያል? ለሒሳብ ክፍለ ጊዜ ባር ግራፍ መሥሪያም ይሆናችኋል። ስትጨርሱ ወረቀቱን አንሡ፤ ግቢውን አናቆሽሽ።

ሙከራ 2፦ የሽታ መንገድ። ጉንዳኖች በመስመር ሲሄዱ ስታዩ መስመሩ ላይ እርጥብ ጨርቅ አንድ ጊዜ አሳልፉ። ምን ሆኑ? እዚያ ቦታ ሲደርሱ ይቆማሉ፣ ወዲያ ወዲህ ይዞራሉ። ምክንያቱም የሚከተሉት ዓይናቸው ያየውን ሳይሆን ቀድማ ያለፈችው መሬት ላይ የተወችውን ሽታ ነው። ሽታውን ስናጠፋው መንገዱ ጠፋ ማለት ነው። ጥቂት ቆይተው ግን አዲስ መንገድ ይሠራሉ።

ይቺ ሁለተኛዋ ሙከራ ለቤታችንም ትጠቅማለች። ጉንዳን ወጥ ቤት ሲገባ ብዙ ሰው ፍሊት ይነፋል። ፍሊቱ ግን ለትንሽ ወንድማችንና ለእህታችን፣ ለምግቡም ጥሩ አይደለም። የመጡበትን መስመር በሳሙና ውኃ ማጠብ፣ ስኳሩን መክደን፣ የምሳ ዕቃችንን በደንብ መዝጋት ይበቃል። እናቶቻችን የማሩን ዕቃ ውኃ ባለበት ሳህን ውስጥ የሚያቆሙትስ ለምን ይመስላችኋል? ጉንዳን ውኃ አትሻገርም ብለው ነው። ይህን ብልሃት በኋላ እንመለስበታለን።

፮. ማቆየት ለሚፈልግ፦ ከአንዲት ንግሥት መጀመር

አንዳንድ ልጆች 20 ወይም 30 ሠራተኛ ጉንዳን ይዘው ጠርሙስ ውስጥ ያስቀምጣሉ። እነዚህ ጉንዳኖች ምንም ያህል ብንመግባቸው ጎጆ አይሆኑም። ንግሥት ከሌለች የሚተካቸው ሠራተኛ አይወለድም፤ አንድ በአንድ ያልቃሉ። ጎጆ ቆፍሮ ንግሥቷን ማውጣትም ልክ አይደለም፤ አንዷን ለማግኘት ሺዎቹን ማፍረስ ይሆናል። ብዙ ጊዜም ንግሥቷ በዶማው ትሞታለች።

ትክክለኛው መንገድ ዝናብን መጠበቅ ነው። ከዝናብ በኋላ ክንፍ ያላቸው ሴቶችና ወንዶች ይበራሉ፣ አየር ላይ ወይም መሬት ላይ ይገናኛሉ። ከዚያ ሴቷ ክንፏን ራሷ ትሰብራለችና ጎጆ የምትቆፍርበት ቦታ ፍለጋ መሬት ላይ ትሮጣለች። በዚያ ቀን ከሚወጡት ንግሥቶች አብዛኞቹን ወፎች፣ እንሽላሊቶችና ሌሎች ጉንዳኖች ይበሏቸዋል። እኛም የምንወስደው ከእነዚህ አንዷን ብቻ ነው።

ንግሥት መሆኗን በምን እናውቃለን? ከሠራተኞቹ ትበልጣለች። ደረቷ ወፍራም ነው፤ የክንፍ ጡንቻ ያለው እዚያ ስለሆነ። ደረቷ ጎን ላይ ክንፍ የነበረበት ጠባሳ ይታያል። ክንፏን ያልጣለችው ገና ከወንድ ጋር ሳትገናኝ ልትቀር ስለምትችል ተዉአት።

የሚያስፈልጉ ነገሮች፦ አንድ ጠባብ የመስታወት ቱቦ (ቴስት ቲዩብ)፣ ንጹሕ ጥጥ፣ ንጹሕ ውኃ፣ ጥቁር ወረቀት ወይም ጥቁር ካልሲ።

አሠራሩ እንዲህ ነው።

1. የቱቦውን አንድ ሦስተኛ ውኃ ሙሉ።
2. ጥጥ ጠቅልላችሁ በእርሳስ ወደ ውስጥ ግፉ፤ ውኃውን ነክቶ እርጥብ እስኪሆን ድረስ። ውኃው ሾልኮ ማለፍ የለበትም።
3. ንግሥቷን በብሩሽ ቀስ ብላችሁ አስገቡ። በአንድ ቱቦ አንዲት ብቻ! ሁለት ከሆኑ ሊገዳደሉ ይችላሉ።
4. አፉን በደረቅ ጥጥ ዝጉ። አየር በጥጡ ያልፋል።
5. ቱቦውን በጥቁር ወረቀት ጠቅልሉ፤ ፀሐይ የማይደርስበት፣ የማይንቀጠቀጥ ቦታ አስተኙት። ቴሌቪዥን ላይ ወይም ምድጃ አጠገብ አይሆንም።

ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ በጣም ከባድ ነው፤ እሱም አለመነካካት ነው! በሳምንት አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለአንድ ደቂቃ ያህል ገለጥ አድርጎ ማየት። በየሰዓቱ እያነሣ የሚያያት ልጅ ካለ ንግሥቷ ትጨነቃለች፤ እንቁላሏን ልትበላው ትችላለች።

ምን ትበላለች? እዚህ ላይ ነው የተፈጥሮ ጥበብ። የብዙ ዝርያዎች ንግሥት የመጀመሪያ ልጆቿ እስኪያድጉ ድረስ ምንም አትበላም። ከእንግዲህ የማያስፈልጋት የክንፍ ጡንቻዋ በውስጧ እየሟሟ ምግብ ይሆናታል፤ በእሱ ልጆቿንም ትመግባለች። ውኃ ግን ያስፈልጋታል፤ እሱን ከእርጥቡ ጥጥ ታገኛለች። የመጀመሪያዎቹ ሠራተኞች እስኪወጡ በሞቃት ቦታ ከአንድ እስከ ሁለት ወር ሊፈጅ ይችላል፤ በደጋ ብርድ ደግሞ ይዘገያል። ትዕግሥት!

ሠራተኞች ሲወጡ መመገብ ይጀመራል። በሳምንት ሁለት ጊዜ የክብሪት ራስ የምታህል ጠብታ የማር ውኃ (አንድ እጅ ማር ለሦስት እጅ ውኃ) በትንሽ ፕላስቲክ ላይ አድርጋችሁ አስገቡ። በተጨማሪ የዝንብ ወይም የፌንጣ ቁራጭ ስጡ። ማሩ ለሠራተኞቹ ጉልበት ነው፤ ሥጋው ደግሞ ለእጮቹ ማደጊያ ነው። በፍሊት የሞተ ዝንብ ግን በጭራሽ አትስጡ፤ ጎጆው ባንድ ቀን ያልቃል። የተረፈውን በማግሥቱ አውጡ፤ ካልወጣ ይሻግታል።

ጥጡ ሲሻግት ወይም ውኃው ሲያልቅ ጉንዳኖቹን አራግፋችሁ አታውጡ። አዲስ ቱቦ አዘጋጁና ሁለቱን አፍ ለአፍ ግጠሙ፤ አዲሱን ሸፍኑት፣ አሮጌውን ግለጡት። ጉንዳን ጨለማ ስለምትወድ ልጆቿን ተሸክማ ራሷ ትዛወራለች።

ሠራተኞቹ 20 እና 30 ሲደርሱ ቱቦውን ግድግዳው ለስላሳ በሆነ ሰፊ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ አስቀምጡት፤ ጓሯቸው ይሆናል። የዕቃውን ከንፈር ከውስጥ በኩል ቫዝሊን በስሱ ቀቡት፣ ክዳኑን በመርፌ ብሱት። ከዚያ ዕቃውን ውኃ ባለበት ትሪ መሐል አቁሙት። የእናቶቻችን የማር ዕቃ ብልሃት አሁን መጣ! ያኔ ጉንዳን እንዳይገባ ነበር፤ እኛ ደግሞ እንዳይወጣ አደረግነው።

፯. ኃላፊነት ማለት ምን ማለት ነው?

አንደኛ፣ ዕድሜዋን አስቡ። በአውሮፓ የተለመደች አንዲት ጥቁር የጓሮ ጉንዳን ንግሥት በሰው እንክብካቤ ሥር ከ28 ዓመት በላይ ኖራለች። እስቲ ቁጠሩት! የ12 ዓመት ልጅ ያቆያት ጉንዳን ልጁ 40 ዓመት ሲሞላው በሕይወት አለች ማለት ነው። ሁሉም ዝርያ ይህን ያህል አይኖርም፤ ቢሆንም «ለአንድ ሳምንት ልጫወትባት» ተብሎ የሚያዝ ፍጥረት አይደለም።

ሁለተኛ፣ ካገኛችኋት ቦታ ሌላ ቦታ አትልቀቋት። ይህ ለምን እንደሆነ ከጎረቤታችን ከኬንያ እንማር። በላይኪፒያ በሚባለው አካባቢ ጭራ ቀና ጉንዳኖች በግራር ላይ ይኖራሉ፤ ዝሆን ቅጠሉን ሊበላ ሲመጣ ኩምቢው ውስጥ ገብተው ይነክሱታልና ዛፉን ይተዋል። ከዚያ ከራሰ ትልቅ ወገን የሆነች፣ ከሌላ ቦታ የመጣች ጉንዳን ገባች። ጠባቂዎቹን ገደለች። ዝሆኖቹ ዛፎቹን ሰባበሩ። ዛፉ ሲጠፋ አንበሶች ተሸሽገው የሜዳ አህያ የሚያድኑበት ቦታ አጡ፤ ስለዚህ ወደ ጎሽ አደን ዞሩ። ይህን ተመራማሪዎች በ2024 እ.ኤ.አ. አሳውቀዋል። አያችሁ? አንዲት ቁጫጭ የአንበሳን ምሳ ቀየረች! የእኛ ራሰ ትልቆች በአገራቸው ስላሉ ጥፋት የለባቸውም። ጥፋቱ ያለው ፍጥረትን ካለቦታው መውሰድ ላይ ነው።

ሦስተኛ፣ ጉንዳን የአገር ሀብት ነው። በዚያው በኬንያ በ2025 እ.ኤ.አ. ሁለት የ19 ዓመት ቤልጂየማውያን ወጣቶች ወደ 5,000 የሚጠጉ የእህል ሰብሳቢ ንግሥቶችን ጥጥ ባለባቸው ቱቦዎች ይዘው ተገኙ። ውጭ አገር በውድ ስለሚሸጡ ነው። ፍርድ ቤቱ እያንዳንዳቸው አንድ ሚሊዮን የኬንያ ሽልንግ እንዲከፍሉ ወይም 12 ወር እንዲታሰሩ ፈረደ። ቱቦው እኛ ከምንሠራው ጋር አንድ ዓይነት ነው፤ ልዩነቱ ዓላማውና ብዛቱ ነው። ስለዚህ አንዲት ንግሥት እንጂ ብዙ አንያዝ፤ አንሽጥ፤ ከግቢ ስንወስድም መምህራችንን እናስፈቅድ።

አራተኛ፣ ከተለያዩ ጎጆዎች የመጡትን አንቀላቅል። ጉንዳን የቤቷን ልጅ በሽታ ትለያለች፤ ባዕድ ከሆነች ትገድላለች። «ሲዋጉ እንይ» ብሎ ማቀላቀል ሳይንስ ሳይሆን ጭካኔ ነው።

አምስተኛ፣ ጋዝ ወደ ጉድጓድ አናፍስ። አፈሩን ይመርዛል፤ የሚጠፋውም የማያስፈልግ ነገር አይደለም። ጉንዳኖች መሬቱን ይቦረቡራሉ፣ ውኃና አየር ይገባል። የሞቱ ነፍሳትን ያነሣሉ፣ ዘር ይበትናሉ፣ ተባይ ይበላሉ። እውነቱን ለመናገር የሚጎዱበትም ጊዜ አለ። ክሽክሽ ጣፋጭ ፈሳሽ ስለሚሰጣቸው በጎመናችን ላይ ይጠብቁታል። ያን ጊዜ መፍትሔው ክሽክሹን በሳሙና ውኃ ማጠብ ነው፤ ጣፋጩ ሲጠፋ ጉንዳኖቹም ይሄዳሉ።

፰. የክረምቱ ጥያቄ

አሁን ዋናው ነገር መጣ። ንግሥቶች የሚወጡት ዝናብ ሲጀምር ነው። ትምህርት ቤታችን ደግሞ ሰኔ መጨረሻ ይዘጋል፤ የሚከፈተው መስከረም ነው። ከሁለት ወር በላይ ማለት ነው። ቱቦው በቤተ ሙከራ ተቆልፎበት ቢቀር ምን ይሆናል? የመጀመሪያዎቹ ልጆች ሐምሌ ወይም ነሐሴ ላይ ይወጣሉ፤ የሚመግባቸው የለም፤ ጥጡም ይደርቃል። መስከረም ላይ ስንመለስ የምናገኘው የሞተች ንግሥትና በዙሪያዋ የሞቱ ጥቂት ልጆቿን ነው። ወር ሙሉ ሳትበላ ያሳደገቻቸውን።

ስለዚህ ለክበባችን አባላት የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ንግሥት ከመያዛችን በፊት ሦስት ስም በወረቀት ላይ ይጻፍ። አንደኛው ክረምቱን ቤቱ የሚወስዳት፣ ሁለተኛው እሱ ቢታመም ወይም ወደ ገጠር ዘመዶቹ ቢሄድ የሚተካው፣ ሦስተኛው ደግሞ የሚከታተል መምህር ወይም መምህርት። የተረካቢው ልጅ ወላጆች አውቀው «እሺ» ማለት አለባቸው፤ በድብቅ አልጋ ሥር የሚቀመጥ ጎጆ አይሆንም። ሦስቱ ስሞች ካልተሟሉ ዘንድሮ ንግሥት አንይዝም። ሙከራ 1 እና ሙከራ 2ን እየሠራን በሜዳው ላይ እንማራቸዋለን። ይህም ያው ትምህርት ነው።

ጀምሮ ማቆም የግድ የሆነበት ሰው ደግሞ አይጣላት። ለሌላ የክበብ አባል ያስተላልፍ፤ ካልሆነ ያገኛትን ያንኑ ቦታ ፈልጎ፣ መሬቱ እርጥብ ሲሆን፣ ወደ ማታ አካባቢ ድንጋይ ጥግ ይልቀቃት። እዚያው ስለተወለደች ለአካባቢው እንግዳ አይደለችም።

ማጠቃለያ

ጉንዳን ማቆየት ዘመናዊ መጫወቻ አይደለም፤ ቃል መግባት ነው። በመጀመሪያ መለየት፣ ቀጥሎ በቦታቸው ማጥናት፣ መጨረሻ ላይ ጠባቂ ከተገኘ አንዲት ንግሥት ማቆየት፤ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። ያቆየም ያላቆየም ሰው ግን ነገ በሰልፍ መስመር ላይ ቁጫጮች ሲያልፉ ካየ አንድ እርምጃ ሰፋ አድርጎ ይሻገራቸው።

ለአንባብያን የቀረቡ ጥያቄዎች

1. ጉንዳንን ከምስጥ የምንለይባቸውን ሦስት ምልክቶች ጻፉ።
2. ሁለት ጉብታ ያላት፣ ሆዷ የልብ ቅርጽ ያለውና ስትቆጣ የምታነሣው ማን ናት?
3. ሠራተኞችን ብቻ ይዘን ጎጆ መመሥረት የማንችለው ለምንድን ነው?
4. ንግሥት የመጀመሪያ ልጆቿን ስታሳድግ ምግቡን ከየት ታገኛለች?
5. በግቢያችን ያገኛችኋትን አንዲት ጉንዳን ሥላችሁ ለአምስቱ ጥያቄዎች መልስ ስጡ።

መልሳችሁን ስማችሁንና ክፍላችሁን ጽፋችሁ በሚኒ ሚዲያው በር ላይ ባለው ሣጥን ውስጥ አስገቡ። ለ5ኛው ጥያቄ የመጡት ሥዕሎች በሚቀጥለው እትም ይለጠፋሉ። እስከዚያው ቸር እንሰንብት!